የቀኝ እጅ ጉድፍ

እትዬ መርፌ የሚባሉት ሴትዮ በሕይወት ያሉ ሰው አይደሉም፤ ሞተውም አያውቁም። የሚኖሩት መነጽር ውስጥ ነው። ወደ ትርኢት ቤቱ የመጣ ሰው በር ላይ ወፍራሙን መነጽር ዓይኑ ላይ ያጠልቅና እውነተኛ ወንበር፣ እውነተኛ ጠረጴዛና እውነተኛ መጋረጃ ወዳለበት ክፍል ይገባል። መነጽሩን ቢያወልቅ ወንበሩ ባዶ ነው። መነጽሩን ካጠለቀ ግን እትዬ መርፌ እዚያው ወንበር ላይ ተቀምጠው፣ ጨርቅ ጭናቸው ላይ ዘርግተው፣ ክር በመርፌ ቀዳዳ ሲያስገቡ ያገኛቸዋል። ክሩ በአንድ ጊዜ ሽው ብሎ ያልፋል። ከዚያ ቀና ብለው እንግዳውን ያዩና ቁልፉ ሊበጠስ መሆኑን ይነግሩታል። ሰው ሁሉ ደንግጦ ደረቱን ያያል፤ ቁልፍ የሌለው ሹራብ የለበሰው ሳይቀር።

ከትርኢቱ ሁሉ የሚወደደው ይኸው ክፍል ነው። የሚበር ዓሣ ያለበት ክፍል አለ፣ ጣሪያው ተከፍቶ ከዋክብት የሚዘንቡበትም አለ፤ ሰው ግን ዞሮ ዞሮ የሚመለሰው ወደ እትዬ መርፌ ነው። «እጃቸውን አያችሁት?» ይላሉ ሲወጡ። «እንዴት ያለ የተረጋጋ እጅ ነው!»

ይህን እጅ የሠራችው ካውያ ናት። ካውያ የመሥሪያ ቤት ስሟ ነው፤ ያወጣላትም አለቃዋ ነው። አለቃውም በተራው ቅጽል ስም አላጣም፤ የቱንም ያህል ቢያምርለት «ይደገም» ሳይል ስለማያልፍ «ይደገም» ይሉታል፣ በሌለበት። የካውያ ሥራ፣ ሰዎች ነጠብጣብ የተለጠፈበት ልብስ ለብሰው የተንቀሳቀሱትን ካሜራዎቹ ከያዙላት በኋላ ያንን እንቅስቃሴ አጽድቶ፣ አስተካክሎ፣ በኮምፒውተር ለተፈጠረው ሰው ማልበስ ነው። እንቅስቃሴው ፊቷ የሚቀርበው በመስመር መልክ ነው፤ አንድ መስመር ለክርን፣ አንድ ለጉልበት፣ አንድ ለእያንዳንዱ ጣት። ሲመጣ የተጨማደደ ነው። እሷ ጋ ደርሶ ሲመለስ ደግሞ እንደተተኮሰ አንሶላ ልሙጥ ይሆናል።

ዓይኗም ለጉድ ነበር። አውቶቡስ ስትጠብቅ ከፊቷ የቆመው ሰውዬ ጫማው እንደሚጠበው ካቋቋሙ ታውቃለች። አንዲት የሥራ ባልደረባዋ ከባሏ ጋር ተጣልታ ማደሯን ቦርሳዋን ጠረጴዛ ላይ ካስቀመጠችበት አኳኋን ለይታ፣ «ደግሞ ምን አደረገሽ?» ብላ አስለቅሳታለች። ሰው ሲንቀሳቀስ ከካውያ በላይ የሚያይ የለም ይባልላት ነበር። እሷም ይህን ስትሰማ ደስ ይላታል፤ ምን ይደረግ፣ ሙገሳ የሚመረው ሰው የለም።

ታዲያ ይህች ባለ ዓይን ሴት የገዛ እናቷን እጅ አላየችም። ዛሬ በእትዬ መርፌ ክፍል በኩል ስታልፍ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ የምትሄደውም ለዚህ ነው።

እናቷ ልብስ ሰፊ ናት። ባሏ ከሞተ ወዲህ አንድ ልጇን ያሳደገችው፣ ያስተማረችው፣ ውድ ኮምፒውተር የገዛችላት በስፌት ነው። የስፌት መኪናዋ የፊተኛው ክፍል መስኮት ሥር ተቀምጣ፣ ከቤቱ ዕቃ ሁሉ የክብሩን ቦታ ይዛለች። እናቷ ሜትሩን አንገቷ ላይ ጥላ፣ እስፒል በከንፈሯ ይዛ፣ በዚያው አፏ ሰፈሩን ሁሉ ታማለች፤ አንድም ቀን እስፒል ውጣ አታውቅም። ደንበኞቿ እጀ ወርቅ ይሏታል። እሷ ደግሞ፣ ወርቅ ቢሆንማ ሸጬው አርፍ ነበር ትላቸዋለች።

የእትዬ መርፌን እንቅስቃሴ መሥራት የነበረባት አንዲት አንጋፋ ተዋናይ ነበረች። ቀረጻው ሲቃረብ ሌላ ሥራ አገኘሁ ብላ ቀረች፤ ይደገምም ጸጉሩን ሊነጭ ደረሰ። ካውያ ይህንን እናቷ ቤት ሻይ እየጠጣች፣ እንዲያው ለወሬ ያህል አነሳችው። እናቷ ስለዚያ ሥራ ሲነሳ መቀለድ ልማዷ ነበር። ነጠብጣቡን ልብስ «የእብድ ልብስ» ነበር የምትለው፤ አንድ ጊዜ ልበሽና እንይሽ ብትባል፣ ሬሳዬን ካላለበሳችሁት በቀር አይሆንም ብላ ነበር። የዚያን ቀን ግን አልቀለደችም። ብርጭቆዋን በግራ እጇ አስቀምጣ፣ እኔ ብመጣስ አለቻት።

ካውያ ደስታዋ ወሰን አጣ። እናቷ ለምን ሐሳቧን እንደቀየረች ግን አልጠየቀቻትም።

በቀረጻው ዕለት እናቷ ያንን ሰውነት ላይ ልጥፍ የሚል ጥቁር ልብስ ለብሳ፣ በየመገጣጠሚያዋ ነጠብጣብ ተለጥፎባት፣ ጓንት አጥልቃ ስትወጣ ክፍሉ ሁሉ ሳቀ፤ ከሁሉም አብልጣ የሳቀችው ራሷ ናት። በስተርጅና ዋናተኛ አደረጋችሁኝ አለች። መርፌና ክር ስትጠይቅ ደግሞ የለም አሏት፤ የሚያብለጨልጭ ነገር ካሜራዎቹን ስለሚያሳስታቸው በባዶ እጅ መስፋት ነበረባት። «መርፌ የለ፣ ክር የለ፣ ጨርቅ የለ፣ ስፊ ትሉኛላችሁ» ብላ ተቀመጠች። ግን ስትጀምር ሁሉም ጸጥ አለ። የሌለውን ክር ጫፉን በከንፈሯ አርጥባ አሾለችው፣ የሌለውን መርፌ ወደ ብርሃኑ አነሳችው። ይደገምም አፉን ከፍቶ ሲያይ ቆይቶ «ይደገም» አለ።

በየድግግሞሹ መሀል እናቷ እጆቿን ጭኖቿ ላይ አሳርፋ ትጠብቅ ነበር። አንዴ እንደዚያ እንዳረፈች ቀና ብላ ክፍሉን ለሁለት ወደሚከፍለው መስታወት አየች። ከመስታወቱ ጀርባ ኮምፒውተሯ ፊት የተቀመጠችው ካውያ ናት። እናቷ ትክ ብላ አየቻት፤ አልሳቀችም፣ ምልክትም አልሰጠችም፣ ዝም ብላ አየቻት። ካውያ ማይክሮፎኑን ተጫነች።

«እማዬ፣ ወደዚህ አትይ። ሥራሽን ቀጥይ።»

እናቷ አንገቷን ደፍታ ወደ ሌለው መርፌዋ ተመለሰች።

ከዚያ የካውያ ተራ ሆነ። የጣቶቹን መስመሮች ስትከፍት ቀኙ ላይ ጉድፍ አገኘች። በዚያ መሥሪያ ቤት ጉድፍ የሚባለው፣ ሰውየው ሳይንቀሳቀስ መሣሪያው ብቻ ተሳስቶ የሚመዘግበው መርገፍገፍ ነው። ጓንቶቹ አርጅተዋል፤ ሲያሻቸው ጣት ያዘልላሉ፣ ሲያሻቸው አውራ ጣትን ወደ ኋላ ያጥፋሉ። ስለዚህ ጉድፍ የታየ እንደሆነ ከየት መጣህ የሚለው የለም፤ ተጠርጎ ይጣላል። ይኸኛው ጉድፍ ግን ትንሽ ለየት ያለ ነበር። የጓንት ጉድፍ እጅ እግር የለውም፤ ይኼ ደግሞ እንደ መጋዝ ጥርስ እኩል እኩል ነው። ያውም እጁ ጭን ላይ ሲያርፍ ይመጣል፣ ለሥራ ሲነሳ ይጠፋል።

ካውያ ይህን አይታለች። ልብ አላለችም ቢባል ውሸት ነው። ጣቷ ቁልፉ ላይ እንዳለ ነገሩ ከነክኗት፣ ምን ዓይነት ጓንት ነው ይሄ ብላ ትንሽ ቆማለች። ግን ትርኢቱ የሚከፈትበት ቀን ደርሷል፣ ይደገም ከጀርባዋ እየተመላለሰ ነው፣ ደግሞም በሙያዋ ጉድፍ ጉድፍ ነው። ተኮሰችው። መስመሩ ልሙጥ ሆነ። እናቷ ወደ መስታወቱ ያየችውንም እይታ ከሥራው ውጭ ነው ብላ ቆርጣ ጣለችው፤ በምትኩ እትዬ መርፌ እያንዳንዱን እንግዳ ቀና ብለው እንዲያዩ አድርጋ ሌላ እይታ በእጇ ሠራችላቸው። ሰው ሁሉ የወደደው ያንን የተሠራ እይታ ነው።

በመክፈቻው ቀን እናቷ ቀሚሷን ተኩሳ መጣች። መነጽሩን ካውያ ራሷ አጠለቀችላት። እናቷ ከራሷ አምሳያ ፊት ቆማ፣ ቁልፍሽ ሊበጠስ ነው ስትባል እንኳ አልሳቀችም። ጎንበስ ብላ የሴትየዋን ቀኝ እጅ አየችው። ከመርፌው ወርዶ ጭን ላይ እስኪያርፍ ጠብቃ፣ ካረፈም በኋላ አየችው። ሌሎች እንግዶች ከኋላ እየመጡ ነበርና ካውያ ክንዷን ያዝ አድርጋ ልትወስዳት ስትል እናቷ ጠየቀቻት።

«ይሄ የኔው እጅ ነው? ምንም አልነካካሽውም?»

«ያንቺው ነው እማዬ። ኮምፒውተር አይዋሽም።»

ይህን ያለችው በኩራት ነው። እናቷን ደስ ለማሰኘትም ነው። እናቷም በእውነት ደስ አላት፤ ከትከሻዋ ሸክም የወረደላት ያህል ቀና አለች። ወደ ቤት ሲመለሱ መንገዱን ሙሉ አንጎራጎረች። የሚያልፈውን ሰው ልብስ ስፌት እያየች፣ ይሄኛው በጥርስ ነው የተሰፋው እያለች ካውያን አሳቀቻት። ካውያ ያንን ቀን ለረጅም ጊዜ ከደስታዎቿ ሁሉ አንደኛ አድርጋ ስታስበው ኖራለች፤ ዛሬ ትዝ ሲላት ፊቷን በእጇ ትሸፍናለች።

ከዚያ በኋላ ነገሩ የመጣው ቀስ እያለ ነው። እናቷ መጀመሪያ የጥልፍ ሥራ አልቀበልም አለች። ከዚያ ሱሪ ማሳጠር ብቻ ሆነ። አንድ እሑድ ካውያ ስትመጣ መስኮቱ ሥር ባዶ ሆኖ ጠበቃት፤ መኪናዋ ተሸጣለች። ዓይኔ ደከመ አለቻት እናቷ። ካውያም እንዲያውም ደግ አደረግሽ፣ አሁን ዕረፊ አለቻትና ስልኳን ማየት ቀጠለች። ሻዩ በግማሽ ብርጭቆ መቅረብ እንደጀመረ፣ የእናቷ ቀኝ እጅም ከሹራቧ ኪስ የማይወጣ እንደሆነ ዓይኗ አይቶታል፤ ልቧ ግን ዳባ ልበስ አለ። ለማያውቁት ሰው አረማመድ የሚነቃ ዓይን ለእናት ሲሆን ለምን እንደሚተኛ እንጃ። ምናልባት እናት እንደምትለወጥ ስለማናስብ ይሆናል።

እናቷ ደጃፏ ላይ ወድቃ የግራ እጇ አንጓ በተሰበረ ጊዜ ነገሩ ወጣ። ሐኪሙ የተሰበረውን ሲጠግን ዓይኑ ጭኗ ላይ ያረፈው ጤነኛ እጅ ላይ ቀረ። አስነሳት፣ አስኬዳት፣ ጣቶቿን እንድትከፍትና እንድትዘጋ ጠየቃት። ከዚያ አስቀምጦ በጨዋ ቋንቋ አስረዳቸው፤ የነርቭ በሽታ ነው፣ ብዙ ጊዜ ባንድ ወገን ይጀምራል፣ እጅ ሲያርፍ ያንቀጠቅጣል፣ ሲሠራ ይተዋል። እናቴ፣ መቼ ጀመረዎት ብሎ ጠየቃት። ቆይቷል አለችው። ሐኪሙም ሥራዋን ጠየቃትና ሲሰማ ራሱን ነቀነቀ። በሽታውን ማጥፋት አይቻልም አለ፤ ነገር ግን ቀደም ብለው መጥተው መድኃኒቱም ስፖርቱም ቢጀመርልዎት ኖሮ ስፌቱን ገና ለጊዜው አይተውም ነበር።

ካውያ አውቶቡስ ውስጥ በእናቷ ላይ ደሟ ፈላ። ሰው እየሰማ፣ ለምን አልነገርሽኝም፣ እኔ ምንሽ ነኝ፣ ብትነግሪኝ ምን ነበረበት እያለች ወቀሰቻት። እናቷ የታሰረውን እጇን በሚንቀጠቀጠው ደግፋ በመስኮቱ ወደ ውጭ ስታይ መንገዱ አለቀ።

በማግስቱ ሥራ ገብታ የሐኪሙ ቃል ጆሮዋ ላይ አልላቀቅ አለ። ባንድ ወገን። ሲያርፍ። በእትዬ መርፌ ክፍል አጠገብ ስታልፍ ሰዎች ያንን የተረጋጋ እጅ ያደንቃሉ። የመጋዙ ጥርስ ትዝ ያላት ያኔ ነው። ኮምፒውተሯ ላይ ተቀምጣ፣ ማንም ያልነካካውን የመጀመሪያውን ቅጂ ፈልጋ ከፈተችው። የዚያች ቀን እናቷ እጇን ጭኗ ላይ አሳረፈች፤ አውራ ጣትና ጠቋሚዋ ዶቃ እንደሚያሽ ሰው መንቀጥቀጥ ጀመሩ። መርፌውን ልታነሳ ስትል ተዉ። ስታሳርፍ ደግሞ ጀመሩ። ግራው ዝም ብሏል። ጓንት ይህን አያውቅም።

አንዴ አይታ አልበቃትም፣ ደጋግማ አየችው። ሐኪሙ ከጭን ላይ ያነበበውን ለእሷ በየጣቱ ተዘርዝሮ ተሰጥቷታል፤ ያውም እናቷ ገና ስፌቷን ሳታቆም፣ መኪናዋን ሳትሸጥ፣ ሳትወድቅ። አይታውም ነበር። በገዛ እጇ ጠርጋ ጣለችው።

ይደገም መጥቶ ከኋላዋ ቆመ። ነገረችው፤ የእናቴን እጅ እንዳለ ልመልሰው ብላም ለመነችው። ክፉ ሰው አይደለም፤ ወንበር ስቦ ተቀመጠና ቅጂውን እስከ መጨረሻው አየ። ከዚያ፣ ሰው እዚህ የሚመጣው የራሱን ጭንቀት ለመርሳት ነው እህቴ አላት፣ ይሄን አይቶ እንዴት ይስቃል። ካውያ አልተከራከረችውም። ይህንኑ ራሷ ለስንቱ አዲስ ሠራተኛ ስታስተምር ኖራለች። ይደገም ተነስቶ ሄደ፤ የዚያን ቀን ይደገም ሲል ማንም አልሰማውም።

ከሥራ በቀጥታ እናቷ ቤት ሄደች። ምንጣፉ ላይ የመኪናዋ እግሮች ያጎደጎዱት ቦታ እስካሁን አልሞላም። እናቷ መስኮቱ ሥር፣ በዚያው ባዶ ቦታ ወንበር አድርጋ ተቀምጣለች። ካውያ መንገድ ላይ ያዘጋጀችው ንግግር ሁሉ ጠፋት።

«እማዬ፣ በድዬሻለሁ» አለች።

«ስለ እጄ ነው?»

«እንዴት አወቅሽ?»

እናቷ ቀኝ እጇን ከኪሷ አውጥታ፣ እንደ እንግዳ ነገር አየችውና ጭኗ ላይ አሳረፈችው። እጁ ሥራውን ጀመረ። አልደበቀችውም።

«ያንን የእብድ ልብስ ለምን የለበስኩት ይመስልሻል? መታየት አምሮኝ?» አለች። «ቀድሞ ያወቅኩት እኔ ነኝ። ክር ሳስገባ ሳይሆን ክር አስገብቼ ሳርፍ ይመጣል። ከአፌ ከወጣ እውነት ይሆንብኛል ብዬ ፈራሁ። ይሄ እጅ ነው አንቺን ያሳደገው፤ እንዴት ብዬ ልናገር? አንቺ ግን ሥራሽ ማየት ነው። ታየውና ራሷ ትጠይቀኛለች፣ ከጠየቀችኝ እናገራለሁ ብዬ መጣሁ።»

ካውያ የመስታወቱ እይታ ገባት።

«ከዚያ መነጽሩን አድርጌ ሳየው እጄ ጸጥ ብሏል» አለች እናቷ። «ጠየቅኩሽ። ኮምፒውተር አይዋሽም አልሽኝ። እንግዲያው የራሴ ሐሳብ ነው፣ እርጅና ነው አልኩ። ሐኪም ቤት ልሄድ አስቤ ነበር፣ ተውኩት። በሽታ ቢሆን ልጄ ታየው ነበር አልኩ።»

ካውያ ወለሉ ላይ፣ መኪናዋ የነበረችበት ቦታ ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች። ልቅሶዋን ሊያቋርጥ የሚችለውን አንድ ቃል ጠበቀች፤ እናቶች የሚሉትን፣ ምንም አይደለም ልጄ የሚለውን። እናቷ አላለችውም።

«አልተቆጣሁም አልልሽም» አለቻት። «መኪናዋን ሰዎች ተሸክመው ሲያወጧት በጣም ተቆጥቼሽ ነበር። ለምን እንደሆነ እንኳ ያኔ አላውቀውም ነበር። በአውቶቡሱም ላይ፣ ለምን አልነገርሽኝም ስትይኝ።» ከዚያ፣ «ያንን ያልነካካሽውን አልጣልሽውም አይደል?» ብላ ጠየቀቻት።

«አልጣልኩትም።»

«እንግዲያው አሳዪኝ። የራሴን እጅ ማየት እፈልጋለሁ።»

ትርኢት ቤቱ ዝግ በሆነበት ቀን ጠዋት ወሰደቻት። ወደ እትዬ መርፌ ክፍል አልገቡም፤ የሄዱት ወደ ቀረጻው ክፍል ነው። ካውያ አንድ ወንበር አምጥታ ያኔ እናቷ የተቀመጠችበት ቦታ ላይ አደረገች። ለእናቷ ሌላ ወንበር ከጎን አስቀመጠችላት፣ መነጽሩን አጠለቀችላት፣ የጎኑን ማሰሪያ ጸጉሯን እንዳይስብ አድርጋ አጠበቀችው። ከዚያ የራሷን አጠለቀችና መስታወቱ ፊት ቆማ ቅጂውን አስነሳች።

ባዶው ወንበር ላይ ሴት ተቀመጠች። ፊቷ የተሠራ ፊት ነው፤ አቀማመጧ፣ ትከሻዋ፣ አንገቷ ግን የዚያን ጊዜዋ የእናቷ ነው። የሌለውን ክር በከንፈሯ አርጥባ አሾለች። መርፌውን ወደ ብርሃኑ አነሳች፣ ክሩን አስገባች፣ ሁለት እጆቿን ወደ ጭኖቿ አወረደች። ቀኙ መንቀጥቀጥ ጀመረ። በጎን ወንበር ላይ ያለው እውነተኛው ቀኝ እጅም ይንቀጠቀጣል፤ የዛሬው ከዚያኛው ይብሳል። እናቷ አንዴ ይኼኛውን፣ አንዴ ያኛውን እያየች «አዎ፣ ይኼ ነው» አለች በለሆሳስ፣ የጠፋ ዕቃ እንደተመለሰለት ሰው።

የተቀመጠችው ሴት ቀና አለች። ካውያ መስታወቱ ፊት በመቆሟ እይታው ፊቷ ላይ አረፈ። ያኔ በመሀላቸው መስታወት ነበር፣ ኮምፒውተር ነበር፣ የሚያልቅ ሥራ ነበር። አሁን ምንም የለም። የምትጠይቀውን ሰው ትጠብቃለች፤ ትክ ብላ፣ ሳትስቅ ትጠብቃለች። ካውያ ድምፁን ከቅጂው ላይ አጥፍታዋለች፤ ግን የራሷ ድምፅ በየትኛዋ ቅጽበት እንደሚገባ በደንብ ታውቃለች።

«እማዬ» አለች ቶሎ ብላ፣ ሳይመጣባት ለመቅደም። «እጅሽ ምን ሆኗል?»

ወንበሩ ላይ ያለችው ሴት አልሰማችም። እንደታዘዘችው አንገቷን ደፍታ ወደ መርፌዋ ተመለሰች፤ ቅጂው በተከፈተ ቁጥር እንደዚያው ትመለሳለች።

ካውያ መነጽሩን አወለቀች። ወንበሩ ባዶ ነበር። ከጎን በኩል እናቷ መነጽሯን እንዳጠለቀች፣ ዓይኗን ከባዶው ወንበር ሳታነሳ መለሰችላት።

«ይንቀጠቀጣል ልጄ» አለች። «ከጀመረኝ ቆየ።»